የኦረስት የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ

(በካርዊን ከተማ የበረዶ ሆኪ ሜዳ፣ ያጠፋ ተጫዋች ለጥቂት ደቂቃ የሚታገድበት የቅጣት ክፍል። ክፍሉ መሃል ለመሃል በመስተዋት ተከፍሏል። በወዲህ በኩል የካርዊኑ ተከላካይ ኦረስት፣ በወዲያ በኩል የሳን ርሜው ተከላካይ ዴልፊስ ተቀምጠዋል። አስራ አራት ዓመት ሲላተሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። መስተዋቱ አናቱ ክፍት ስለሆነ ስድብ እንደልብ ያሳልፋል።)

ኦረስት፦ የመታኸኝ ክርንህ ነው!

ዴልፊስ፦ ትከሻዬ መሰለኝ።

ኦረስት፦ እንዲህ የሾለ ትከሻ የት አይተሃል? ጥርስ የሚያወልቅ ትከሻ!

ዴልፊስ፦ ውይ! ጥርስህ ወለቀ እንዴ?

ኦረስት፦ የሚወልቅ የለኝም! የመጨረሻዋን አንተው ነህ ያወለቅካት፤ የዛሬ ስድስት ዓመት።

ዴልፊስ፦ አስታወስኩ። እሷስ በክርኔ ነበር።

ኦረስት፦ እሰይ! አመንክ!

ዴልፊስ፦ የዚያን ጊዜውን ነው ያመንኩት።

ኦረስት፦ አንተ ሰውዬ፣ ምን በደልኩህ? ፓኳ እኮ እኔ ጋ አልነበረችም! ያቺ ክብ ጎማ ሜዳው ማዶ ነበረች! ምን ልታደርግ መጣህብኝ?

ዴልፊስ፦ የመጨረሻ ጨዋታህ ነው ሲሉ ሰማሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ተላትመን፣ ዛሬ ሳልነካህ ብሸኝህ ነውር መሰለኝ።

ኦረስት፦ (ልቡ ራራ፤ እንዳይታወቅበት ግን ጮኸ) እና ይሄ ስጦታ ነው?

ዴልፊስ፦ እንግዲህ አበባ ይዤ በረዶ ላይ አልወጣ።

ኦረስት፦ ስጦታህ ቤቴን አፈረሰው! ስማኝ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ፤ አንተ መቼም ቶሎ አይገባህም። በአስራ አራት ዓመት ስንት ጎል አገባሁ?

ዴልፊስ፦ ብዙ ነው?

ኦረስት፦ ምንም! አንድ እንኳ! ሰው ሰብሬአለሁ፣ መስተዋት ሰብሬአለሁ፣ የገዛ አሰልጣኜን ጣት ሰብሬአለሁ፤ ጎል ግን የለኝም። እናቴ ያቻት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ብርድ ልብሷን ደርባ። ሰማንያ ዓመቷ ነው። «ልጄ ጎል ሲያገባ ሳላይ አልሞትም» ትላለች።

ዴልፊስ፦ ታዲያ ባታገባ አይሻልም?

ኦረስት፦ ምን?

ዴልፊስ፦ ለእሳቸው ጤና ብዬ ነው።

ኦረስት፦ ዝም በል! አሰልጣኙ በመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ፊት ሊያሰልፈኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሦስት ለሁለት እየመራናችሁ ነው። እናንተ ደግሞ ሲጨንቃችሁ በረኛችሁን አስወጥታችሁ አጥቂ ትጨምራላችሁ። ጎላችሁ ባዶውን ይቀራል! ባዶ ጎል እኮ እናቴም ታገባለች!

ዴልፊስ፦ ታዲያ እሳቸውን ለምን አላሰለፏቸውም?

ኦረስት፦ (ግንባሩን ከመስተዋቱ ጋር እያጋጨ) ጌታ ሆይ፣ ከማን ጋር ነው ያሰርከኝ! ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሲቀረው፣ ባንተ ፍቅር የተነሳ ሁለት ሁለት ደቂቃ ተቀጣን። በል አስላው።

ዴልፊስ፦ (በጓንቱ ጣቶች ቆጥሮ) ሃያ ሰከንድ ይተርፋል።

ኦረስት፦ የት ነው የሚተርፈው? ጨዋታው አልቆ! ሃያ ሰከንድህን ቤትህ ወስደህ ተቀጣበት።

ዴልፊስ፦ እኩል ከሆንንስ? ጭማሪ ሰዓት አለ እኮ፤ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል።

ኦረስት፦ እኩል? በማን ጉልበት? እናንተ ከጀልባ ብትወድቁ ሐይቁን የምትስቱ ናችሁ! ይህን ጨዋታ እኔ ልንገርህ፣ አብሬው ነው ያደግኩት። አለቀ። በቃ። (ጎንበስ ብሎ የበረዶ ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።)

ዴልፊስ፦ ምን እያደረግክ ነው?

ኦረስት፦ የሚሰናበት ተጫዋች ጫማውን ለደጋፊ ይሰጣል። ወጉ ነው።

ዴልፊስ፦ ከጨዋታው በኋላ አልነበረም እንዴ?

ኦረስት፦ ሠላሳ ሰከንድ ቀርቶት ምን ጨዋታ አለ? አንተ ደግሞ! (ጫማዎቹን ከጀርባው ባለው መስተዋት አናት አሳልፎ ለአንድ ጢማም ደጋፊ አቀበለ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ «ኦ-ረስት! ኦ-ረስት!» አለ። ኦረስት በካልሲው ቆሞ እጁን አውለበለበ፤ እንባው መጣ።) እያቸው! እንዴት እንደሚወዱኝ አየህ?

ዴልፊስ፦ ኦረስት።

ኦረስት፦ አታቋርጠኝ፣ እያለቀስኩ ነው።

ዴልፊስ፦ ኦረስት፣ አገባን።

ኦረስት፦ እነማን?

ዴልፊስ፦ እኛ። ሦስት ለሦስት ሆንን። አስራ ሁለት ሰከንድ ይቀራል።

ኦረስት፦ (ሰሌዳውን አየ፤ እግሩን አየ፤ እንደገና ሰሌዳውን አየ) ወይኔ ጉዴ! ጫማዬ! ጢማሙ ሰውዬ የት ገባ?

ዴልፊስ፦ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ወጣ።

ኦረስት፦ ወዴት?

ዴልፊስ፦ መኪናውን ሊያሞቅ ነዋ። ውጭ እኮ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ነው። እስከ መጨረሻው የቆየ ሰው ሞተሩ ይነሳለታል እንዴ?

ኦረስት፦ (ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ እጆቹን ዘርግቶ) ጫማዬን! እባካችሁ ጫማዬን!

(በዚያ ጩኸት መሃል ማን ይሰማዋል? የስንብት ንግግር መስሏቸው አጨበጨቡለት። እናቱ በአየር ሳመችው። መደበኛው ሰዓት አለቀ፤ ትንሽ አርፈው ጭማሪው ተጀመረ።)

ዴልፊስ፦ አንዱን ጫማዬን ላውስህ?

ኦረስት፦ በአንድ ጫማ ምን አደርጋለሁ?

ዴልፊስ፦ ግማሽ ጎል።

(ሃያዋ ሰከንድ አለቀች። የቅጣት ክፍሉን የሚጠብቀው ሽማግሌ ሁለቱንም በሮች ከፈተ። ዴልፊስ ወጣ። ኦረስትም ሞት አይፈሬ ነውና በካልሲው አንድ እርምጃ ወጣ፤ በመቀመጫው ዘጭ አለ፤ ዳዴ እያለ ተመለሰ። ይህን ጊዜ ፓኳ ከግድግዳው ነጥራ ከዴልፊስ መምቻ ዱላ ሥር መጣች። ከፊቱ ከካርዊን ጎል ጠባቂ በቀር ማንም የለም። ዴልፊስ ግራ ገባው፤ ከሩቅ ሊመታ ዱላውን አነሳ። የተበላሸ ጨዋታ ማየት ደግሞ ለኦረስት ከሕመም ይብሳል።)

ኦረስት፦ ኧረ ከዚያ አይመታም! ተጠጋ!

(ዴልፊስ ተጠጋ።)

ኦረስት፦ በግራ አታልለህ በቀኝ! ከታች! የእኛ ሰው ጉልበቱን ያመዋል፣ እዚያ አይደርስም!

(ዴልፊስ በግራ አታለለ፤ በቀኝ ከታች መታ። ከጎሉ በስተጀርባ ቀዩ መብራት በራ። ጨዋታው አለቀ። ኦረስት ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ምን ያደርጋል፣ ዘገየ። ዴልፊስ ፓኳን በጓንቱ እንደ እንቁላል ይዞ መጣ።)

ዴልፊስ፦ ኦረስት! አገባሁ!

ኦረስት፦ አየሁ።

ዴልፊስ፦ የመጀመሪያዬ ነው።

ኦረስት፦ የዘንድሮ?

ዴልፊስ፦ የዕድሜዬ።

ኦረስት፦ አንተም? ያን ሁሉ ስለፈልፍ ታዲያ ምነው አንዲት ቃል አልተነፈስክ?

ዴልፊስ፦ አልጠየቅከኝማ። እንዴት አሳምረህ ነው የምታስረዳው በናትህ! ወዲያው ገባኝ።

(ኦረስት ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቅ አመለጠው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናቱ ብርድ ልብሷን ጥላ ቆማ ለዴልፊስ ታጨበጭባለች።)

ዴልፊስ፦ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ያን ሁሉ መንገድ ብቻዬን ስሄድ የሚነካኝ ጠፋ። እኔን እንዲይዝ የተመደበው ተከላካይ ማን ነበር?

ኦረስት፦ አንድ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበር።

ዴልፊስ፦ እና የት ሄደ?

ኦረስት፦ ጫማውን ፍለጋ።