ባሌስትራ መራጩ ሐኪም

ከተማ ሆኖ መራጭ የሌለው የለም። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ውሎ ባዶ ዘንቢሉን ይዞ የሚመለስ፣ ሚስት ሲያማርጥ የታናሽ ወንድሙ ልጆች ለትምህርት የሚደርሱበት ሰው በየሰፈሩ አለ። በ1955 ዓ.ም. ለአሰበ ተፈሪ የደረሳት መራጭ ክቡር አቶ ነጋሽ፣ ከተማው ሁሉ ሐኪም የሚላቸው የጤና ጣቢያው ቁስል አሳሪ ድሬሰር ነበሩ። አሮጌ ጂፓቸው ክብደቱን የሚሸከምለት የፊት ግራ ባሌስትራው ተሰብሮ መካኒኩ አብዶ ግቢ ከገባ እነሆ አራተኛ ወሩን ይዟል።

አብዶ ያለችው አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ናት። ጂፑ እሷ ሥር ተንጋዶ ተኝቷል፤ የሌላው ሰው መኪና ደጅ ይሠራል። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል። "ይኼ ሰውዬ ዘንድሮ ጭቃ ውስጥ ሊቀብረኝ ነው" ይላል አብዶ፣ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ።

ሐኪሙ በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ ይመጣሉ። ከድሬዳዋ በባቡር ሚኤሶ የወረደውን አዲሱን ባሌስትራ፣ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ በመዶሻ እያስመቱ አዳመጡት።

"ሳል አለው" አሉ።

"አቦ ሐኪም፣ ወላሂ ብረት አይስልም። ውሰደው።" አብዶ ለማንም ቢሆን "አንተ" ከማለት አይመለስም።

"አንቸኩል፣ አብዶ። እንከታተለው።"

ሲከታተሉት ሰንብተው መለሱት። አሰቦት አጠገብ ከተገለበጠ ጂፕ የተፈታውን "ደንግጧል" ብለው አልፈለጉትም። ቦኬ ያለ ቀጥቃጭ የላከውን መዳፋቸውን አሳርፈውበት "ትኩሳቱ አልወረደም" ሲሉማ፣ አብዶ መፍቻውን አስቀምጦ ወጣና በኦሮምኛ የሚናገረውን ለብቻው ተናግሮ ተመለሰ።

ሐኪሙን የፈለገ ሁሉ ደግሞ ግቢውን ለመደው። የተቃጠለ እጅ እዚያው ይታሰራል፣ ያመመው ዓይን እዚያው ይታጠባል። የአብዶ እናት እንኳ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሳያሉ። "ጋራዥ ነው የከፈትኩት ወይስ ሆስፒታል?" ይላል አብዶ።

ወሬውን ያመጣችው ሚስቱ ሞሚና ናት።

"ሐኪሙ እኮ ወደ ጋሙ ጎፋ ተዛውሯል። ደብዳቤው ከመጣ አራት ወሩ። መኪናዬ እንደተሠራች እሄዳለሁ እያለ ነው የቆየው።"

ለአብዶ ሰውዬው ላለመሄድ ሰበብ ሲፈልጉ እንጂ ባሌስትራ ሲመርጡ እንዳልከረሙ ገባው። እንደሚወዳቸው ያወቀውም ያን ጊዜ ነው፤ ማወቁ ራሱ አናደደው።

በሳምንቱ ሐኪሙ አንድ ሸክም አስይዘው መጡ። መሥሪያ ቤታቸው ታክቶት ራሱ ባሌስትራ ገዝቶ ከአዲስ አበባ ልኮላቸዋል። አገላበጡት፣ አስመቱት፣ አዳመጡት። ምንም አላገኙበትም። ማዳመጫውን ቀስ ብለው ከጆሯቸው አወረዱ።

"እንከን የለውም" አሉ። "በል ግጠመው።"

አብዶ ብረቱን በእጁ አሸት አሸት አድርጎ ወደ ጂፑ አፍንጫ ተመለከተ።

"አይሆንም። ባሌስትራ የሚቀየረው ጥንድ ጥንዱን ነው። ግራው አዲስ፣ ቀኙ አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘምማል። ይኼን ሁሉ አገር እንዴት ልትነዳው ነው? ለቀኙም ይፈለግ።"

ነገሩ እውነት ነው። አብዶ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሁለት ባስመርጣቸው ዕድሜዬ ያልቃል ብሎ ፈርቶ ነው ውጦት የከረመው።

ሐኪሙ ማዳመጫቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

"ለቀኙ ጥሩ የሚገኝ ይመስልሃል?"

"በቀላሉ አይገኝም" አለ አብዶ። "የመጀመሪያውን ሳመጣልህ ደግሞ እሺ እንዳትለኝ።"