የሙሽራዋ መፍቻ

ሹፌር መንገድ ቢጠፋበት አይጠይቅም፤ መኪናው ቢቆምበት ደግሞ ምክንያት አያጣም። ሹፌር ስለሆንኩ ነው የማማው፤ የራስን ወገን ማማት ኃጢአቱ ቀለል ይላል ብዬ።

ለመሆኑ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ እንደሌለው ታውቃላችሁ? እሳት የሚለኩስለት የለም። አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ያግለዋል፤ ከዚያ ፖምፓው ናፍጣውን በኃይል ይገፋና፣ ኢንጄክተሩ ከመርፌ ቀዳዳ በጠበበች ቀዳዳ እንደ ጉም ይረጭበታል። ቦግ! ይህን ሁሉ አሳምሬ አወራለሁ። ማውራት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ።

የአገራችን ልጆች ለቤት ሥራ ወደ ጅዳ በሚጎርፉበት ዘመን፣ አንድ ዓርብ ከጉለይል ሰፈር ስድስት ሴቶች አሳፍሬ ወደ መካ ወጣሁ። አንዷ ሙሽራ ናት፤ ዘሃራ የምትባል የወሎ ልጅ፤ የቀሩት ሚዜዎቿ ናቸው። ኒካዋ መካ ውስጥ ዛሂር ሰፈር ነው፣ ከዓስር ሶላት በኋላ። ማዳሟ የፈቀደችላት ያንን ቀን ብቻ ነው፤ ኒካውን የሚያስሩት ሸኽም ከመግሪብ በፊት ሌላ ቀጠሮ አለባቸው። ታዲያ ናፍጣ ሳልሞላ ለምን ወጣሁ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

መንገድ መሀል ሞተሩ ተንገዳግዶ ጸጥ አለ። ከአላፊ አግዳሚ ናፍጣ ለምኜ ሞላሁ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አልነሣም አለ። «ባትሪው ነው» አልኩ። ቀጥዬ «ሙቀቱ ነው» አልኩ። ሴቶቹ ዱዓ ጀመሩ።

ዘሃራ እስከ ክርኗ ሒና እንደተቀባች ወረደች።

«ጋሼ ሰይድ፣ አየር ገብቶበታል። መፍቻ አለህ?»

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ሞተሩን የማስነሣው እኔ ነበርኩ። አየሩ ይጨመቃል እንጂ ናፍጣውን አይገፋልህም። ያላ፣ አንተ ቁልፉን አዙር!»

የኢንጄክተሩን ቱቦ ዳዶ በመፍቻው ላላ አደረገችው። «እጃችሁን አርቁ፣ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል!» ስትል ሚዜዎቿ ሸሹ። መጀመሪያ አረፋ ተንተፋተፈ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ ወጣ። «ኸላስ!» ብላ አጠበቀችው። ሞተሩ ሲነሣ ሴቶቹ በእልልታ አቀለጡት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው።

ዛሂር ስንደርስ ሸኹ ሊሄዱ ጫማቸውን እያደረጉ ነበር። ሙሽራው፣ ኑዝላ ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ፣ በላብ ተጠምቆ ደጅ ቆሟል።

«ተበላሽታባችሁ ነበር? ማን ሠራት?»

«እኔ ነኛ!» አልኩ። ሹፌር አይደለሁ?

ዘሃራ በሒናው ላይ በሞተር ቅባት የጠቆረ እጇን አሳየችው። ሙሽራው ሳቁን ለቀቀው። እኔም አፈርኩ፤ ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሸኹ ጫማቸውን መልሰው አወለቁ።

ዛሬም መኪናዬ ሳል ሲጀምራት እነሱ ቤት እደውላለሁ። ስልኩን የሚያነሣው ባልየው ነው። ምልክቱን ሁሉ ዘርዝሬ እስክጨርስ በጥሞና ያዳምጠኝና፣ ያ የስንት ዓመት መካኒክ፣

«ጋሼ ሰይድ» ይለኛል፣ «ቆይ እሷን ልጥራልህ።»