ባሕር ዛፉን የተከለው ሰው ይውጣ ያልኩ ዕለት

የዛሬውን ላይቭ ያያችሁ፣ እባካችሁ ስክሪን ሪከርዱን አጥፉልኝ። ያላያችሁ ደግሞ ከሰው ከምትሰሙ ከእኔው ስሙት።

ጉድ ሆኛለሁ!

እንደምታውቁኝ ቡሬ ቁጭ ብዬ ስለ ክላይሜት ቼንጅ የማላወራበት ቀን የለም። «እያንዳንዳችን ተጠያቂ ነን» እያልኩ የማደርቃችሁ እኔ ነኝ። ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ባየሁ ቁጥር ፖስት የማደርገውም እኔው ነኝ። ሰሞኑን ደግሞ ሜዲቴሽን ጨመርኩበት። ዐይን ጨፍኖ፣ በረጅሙ ተንፍሶ፣ «ለምድር ምን አጠፋሁ?» ብሎ ራስን መጠየቅ።

ተወልጄ ያደግኩበት መንደር ከቡሬ በባጃጅ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ አንድ ምንጭ አለ። አገሩ ሁሉ ከእሱ ነበር የሚጠጣው። አሁን ግን አንድ ጄሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቅ ነው። ከምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ ተሰልፎ ቆሟል፤ ውኃውን የሚመጠው እሱ ነው። አክስቴ እቴቴ የሻረግ በዚህ ዕድሜዋ ወንዝ ድረስ ወርዳ፣ ጄሪካን ተሸክማ ያን ዳገት ትወጣለች። ይሄ ነገር አንጀቴን አሳረረው።

ስለዚህ ዛሬ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ሳይበተን ደረስኩ። ሁሉንም ወደ ምንጩ ወሰድኳቸው። ስልኬን ድንጋይ ላይ አቆምኩ።

ላይቭ!

መጀመሪያ ሜዲቴሽን አሠራኋቸው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጨፈኑልኝ፤ ጸሎት መስሏቸው ነው መሰለኝ። እኔ ግን አልጨፈንኩም። ስንት ሰው እያየኝ እንደሆነ ስልኩን በስርቆሽ አይ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ከዚያ ተነሣሁና «ይህን ባሕር ዛፍ እዚህ የተከለው ማነው?» አልኩ።

ዝም።

«ታውቁታላችሁ! ይውጣ!»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው በበትሩ መሬት ጫረ።

የነፍስ አባታችን አባ ጥበቡ ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ነገ ተሰብስበን ዛፉን እንቁረጠው። ሰውየው ይቅርብህ» አሉኝ።

እኔ ልስማ? ኮሜንት ላይ «እንዳትለቀው!» እየተባለ?

«አባ፣ አውጫጭኝ ይሁን!» አልኩ። ለከተማ ልጆች ላስረዳ፦ አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛ ሲሰወር አገሩ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እየተናገረ የሚያወጣበት ሥርዓት ነው። ጥፋተኛው ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። በዚያ ላይ ቄስ ከገዘተ፣ የሚያውቅ ሰው መደበቅ አይችልም። የነፍስ ጉዳይ ነው!

«ይገዝቱልኝ» አልኩ።

«ኧረ ተው ልጄ።»

«ይገዝቱ!»

«ተው ብያለሁ፣ ይቅርብህ።»

«አባ፣ የሚፈሩት ሀብታም አለ እንዴ?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ለቄስ። ላይቭ ላይ።

አባ መስቀላቸውን አወጡ። «እንግዲህ አንተው ነህ ያልከው። ዐውቆ የደበቀ ግዝት ይሁንበት» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እቴቴ የሻረግ ዞረ።

እሷ ትሆን እንዴ የተከለችው? ላይቩን ልዝጋው? እጄን ወደ ስልኩ ስዘረጋ እቴቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተነሣች። እንባዋ ይወርዳል።

«ግዝት ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ የኔ ልጅ» አለች። «አንተ አይዶለህም? ስድስተኛ ክፍል ሳለህ፣ ከትምህርት ቤት ክበብ ችግኝ ተሸክመህ መጥተህ? ‹እቴቴ አጠጭልኝ› ብለኸኝ ከዚሁ ከምንጩ እየቀዳሁ ሁለት በጋ ያጠጣሁልህ? ደብተር የተሸለምክበት!»

አስታወስኩ። ደብተሩን ሳይቀር አስታወስኩት። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሊቀ መንበር ነበርኩ እኮ!

ለካ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እንዳላፍር ብለው ነው እስከ ዛሬ የሸፈኑኝ። እቴቴም ለእኔ ብላ፣ ምንጩ ለምን እንደቀነሰ ትንፍሽ ሳትል ዳገቱን ስትወጣ ኖረች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ደግሞ እግሬን ታጥበኛለች። በየትኛው ውኃ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ተናገሩ። «ነገ ዶማም ይዘህ ና። ቆርጠህ ብትተወው ያቆጠቁጣል፤ ከነሥሩ ነው።»

ላይቩ? ለካ አልተዘጋም። የመጨረሻው ኮሜንት «ወንድሜ፣ በረጅሙ ተንፍስ» ይላል።

ከሰዓት በኋላ የእቴቴን ጄሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ሞከርኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ግማሹ ላይ ሳልደርስ ሁለቴ አረፍኩ። እሷ ከኋላዬ «አምጣ ላግዝህ» ትለኛለች። ነገ በጠዋት ጉቶ ነቀላ እጀምራለሁ፤ ስልክ አልይዝም። ምንጩ ይመለስ አይመለስ አባም አያውቁም።

እስኪ ፍረዱኝ፤ ያኔ ሁሉም ጨፍኖ «ምን አጠፋሁ?» ሲል፣ እኔስ አንዴ ብጨፍን ምን ነበረበት?