የተዘለለው ፎቅ

ፎቅ ትወዳላችሁ? እኔ እንኳን አላምነውም። ይህን ጥርጣሬ ያወረሱኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ሰፈር ጎረቤቴ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን አሰብ ወደብ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ወደብ ያለው ከተማ ሲያልፍለት መጋዘን ያበዛል፤ ሽቅብ ካደገ ግን የሚደብቀው ነገር አለ ይሉኛል። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ደግሞ የሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ ሥራው ሽቅብ ማደግ ብቻ ነበር!

የጥገኝነት ጉዳያቸውን የያዘችው ጠበቃ ቢሮዋ እዚያው ዳውንታውን፣ ከድሮዎቹ ሰማይ ጠቀሶች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማመልከቻው በዚያን ቀን ካልገባ ጊዜው ያልፋል። ካለፈ ደግሞ ጋሼ ሸሽተው ያመለጡት ደርግ እጅ ተመልሰው ሊወድቁ ነው። እኔ ሾፌርም አስተርጓሚም ሆኜ ተከተልኳቸው።

ሊፍት ውስጥ ገባን። ጋሼ ቁልፎቹን አዩ። ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ አሥራ አራት!

«አሥራ ሦስተኛውን የት አደረሱት?» አሉኝ።

እኔ ምን አውቄ? መኪና ፓርክ አድርጌ መምጣቴም ተመስገን ነው። ጋሼ በሩ ሳይዘጋ ወጡና ከታችኛው አዳራሽ ንቅንቅ አልልም አሉ። ቁጥር የሌለው ቤት ምን እንደሚሠራበት አገር ቤት አይተናል፤ ሰው ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም አሉ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር!» ሲሉኝ በሆዴ ሳቅኩ። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? እኔም ፈራሁ።

ብንቆይባት ጠበቃዋ ራሷ ወረደች። ምንም የተደበቀ የለም፤ ሰዉ አሥራ ሦስትን ገደ ቢስ ነው ብሎ ስለሚፈራ ቁጥሩን ዘለሉት አለች። ተረጎምኩላቸው። ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሰማይ የሚነካ ቤት ሠርቶ ቁጥር የሚፈራ ሕዝብ! እንዲህ ከሆነስ የዋሆች ናቸው ብለው እየሳቁ በሊፍቱ ወደ ላይ ወጡ።

ቢሮዋ ገብተን የማመልከቻው ቅጽ ሁሉ ተሞልቶ የልደት ቀን ብቻ ቀረ። ጋሼ ደግሞ የጳጉሜን ሦስት ልጅ ናቸው። ጳጉሜን ስንተኛ ወር ናት? አሥራ ሦስተኛ! ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስማ፣ ልጅቷን እንዳናስደነግጣት። እነሱ የዘለሉትን እኛም እንዝለልላቸው» አሉና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው በገዛ እንግሊዝኛቸው፣ «ፎርቲን መንዝ፣ ዴይ ስሪ!»

ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ደነገጥኩ። ተሳስተው ነው፣ እኛ አሥራ አራተኛ ወር የለንም አልኳት። ፊቷ ፈታ አለ። ያለን አሥራ ሦስት ብቻ ነው ስላት ግን፣ ጋሼ የሊፍቱን ቁልፎች ባዩበት ዓይን አየችኝ።

ማመልከቻውን እንኳ አስገባችልን። ሊፍት ድረስ የሸኘችን ግን ቦርሳዋን ታቅፋ ነው።