ኩርፊያ ተራ

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ብርድ ልብስ የሚሸጡት አጎቴ ጋሽ ናስር፣ ዱባይ ተራ ስካን ያስደረጓቸውን የድሮ የፊልም ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ በሚባለው ማስቀመጫ እንዳደራጅላቸው ጠሩኝ።

የተማርኩ ነኝና በየዓመተ ምሕረቱ ልከፋፍላቸው አሰብኩ። ግን መርካቶ ያረጀ ነጋዴ ተራ ሳይሰጠው የሚተወው ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጫማው ጫማ ተራ፣ ሚስማሩ ሚስማር ተራ እንደሚሄደው ሁሉ ዘመዱንም ካልደረደረ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ዓመቱን ማን ያስታውሳል?» አሉኝ። «ሰርግ ተራ በይ፤ ለቅሶ ተራ በይ። ይቺን ደግሞ ኩርፊያ ተራ አስገቢያት።»

«ይቺ» ያሏቸው እህታቸው፣ አክስቴ ዘይነባ ናቸው። ከአክስቴ ልጅ ሰርግ ወዲህ ሁለቱ ተኳርፈው አይነጋገሩም። ለመከራከር አፍሬ የአክስቴን ፎቶ ኩርፊያ ተራ ብዬ ለብቻው አስገባሁ። ቀጥሎ «ለቤተሰቡ ላኪው» አሉኝ። ማንንም እንዳላስቀር ተጠንቅቄ ሊንኩን ለዘመድ ሁሉ ላክሁ፤ ለአክስቴም ጭምር።

አመሻሹ ላይ አክስቴ ደወሉ።

«ተራዬን አየሁት» አሉ።

«ይቅርታ እትዬ፣ አሁኑኑ አወጣዎታለሁ።»

«አታውጪኝ። ግን አንቺ መርካቶ አድገሽ፣ አንድ ሱቅ ብቻውን ተራ ሲባል ሰምተሻል? ያኮረፍኩት እኮ ብቻዬን አይደለም።»



በማግስቱ ጠዋት አጎቴና አክስቴ በልጅነታቸው አንድ በርጩማ ላይ ተጠጋግተው የተነሱትን ፎቶ ፈልጌ ኩርፊያ ተራ አስገባሁት። ጋሽ ናስርን አላስፈቀድኩም።