ቅርፊት ያወጣው ዓሣ

ሳህሉ፦ ጅራቱ በዚህ በኩል ነው አልኩህ።

ዓብዩ፦ እኔ እንጃ። እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና አለቀ እኮ። ጅራት የምለው ነገር አጣሁበት።

ሳህሉ፦ እየቀጠነ ሄዶ የሚያልቀው ነገር ነው ጅራት የሚባለው። ምን ጠብቀህ ነበር?

ዓብዩ፦ እንደ ሌላው ዓሣ። መቀስ የመሰለ ነገር።

ሳህሉ፦ ይሄ ሪበን ፊሽ ነው። ሪበን ታውቃለህ አይደል፣ ስጦታ የሚታሰርበት? ሪበን መቀስ አለው?

ዓብዩ፦ ሲቆረጥ ያስፈልገዋል።

ጭቅጭቁ የሚካሄደው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ የሳህሉ ኩሽና ውስጥ ነው። ሲንኩ ውስጥ ሁለት ክንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ እንደ ቀበቶ ጠፍጣፋ፣ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያብለጨልጭ ዓሣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ያጠመደው ራሱ ሳህሉ ነው፤ ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ቼሳፒክ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ የእንጨት ድልድይ ላይ ከዓብዩ ጋር ቆሞ። ይህ ልብ ይባልልን። ሰውየው ዓሣ አጥማጅ ነኝ ማለት ከጀመረ ስምንት ወር ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ግን ከውኃ ያወጣው ሣርና አንድ የግራ እግር ነጠላ ጫማ ብቻ ነው።

ሳህሉ ኡበር ይነዳል። የማያውቀው ነገር የለም። ተሳፋሪው ሐኪም ከሆነ ስለ ሕክምና ያስረዳዋል፣ ፓይለት ከሆነ ስለ አውሮፕላን። ጓደኛው ዓብዩ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ይሠራል፤ ሰዉ ሁሉ ቀርፋፋ ይለዋል። አንድ ነገር ከጠየቁት መልሱ የሚመጣው ወሬው ተቀይሮ፣ ሒሳብ ተከፍሎ፣ ሰው ኮቱን ሲለብስ ነው።

የዛሬው ዓሣ ደግሞ የምሳ ነገር ብቻ አይደለም። ሳህሉ ናዝራዊትን ሊያገባ ይፈልጋል። አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ናዝራዊት እንደማትመጣለትም በደንብ ያውቃል። እናቷ ወይዘሮ ውብነሽ ግን ሽማግሌ ከመቀበሌ በፊት ሰውየውን ቤቱ ሄጄ ልየው ብለዋል፤ ዛሬ ለምሳ ከአሌክሳንድሪያ ይመጣሉ። ትናንት ኮል አድርገው፣ ዓሣ ታጠምዳለህ አሉ፣ እስቲ ያጠመድከውን ሳትቆርጥ ሙሉውን አቆይልኝ ብለውታል። ናዝራዊት ሆስፒታል ሺፍት ስላላት አትኖርም። ሳህሉ ብቻውን ነው የሚፈተነው።

ዓብዩ፦ (ጣቱን በዓሣው ጎን ላይ እያንሸራተተ) ለስላሳ ነው። ቅርፊት እንኳ የለውም።

[ሳህሉ ጎንበስ ብሎ የዓሣውን ጎን በጥፍሩ ይፍቃል።]

ሳህሉ፦ ምን አልክ?

ዓብዩ፦ ጥሩ ነው አልኩ። ከመፋቅ ተገላገልን።

ሳህሉ፦ ምኑ ነው ጥሩ? ቅርፊት የሌለው ዓሣ ይበላል እንዴ? አምባዛ ለምን የማይበላ ይመስልሃል? ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይነካም፤ ሕግ ነው። ወይዘሮ ውብነሽ የጎንደር ሴት ናቸው፣ የዲያቆን ልጅ። ሙሉውን አቆይልኝ ያሉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ? ቅርፊቱን ሊመረምሩ ነው። አለቀልኝ።

ዓብዩ፦ ወይዘሮ ውብነሽ እኮ…

ሳህሉ፦ ስለ አማቴ አንተ ለእኔ ልታስረዳኝ ነው?

ዓብዩ፦ ኧረ እኔ የለሁበትም።

ሌላ ዓሣ ገዝቶ መገላገል ይችል ነበር፤ ዓብዩም ይህንኑ አለው። ሳህሉ ግን ልቡ እምቢ አለ። ስምንት ወር ሙሉ ዋሽቶ ዛሬ ገና እውነት ቢቀናው፣ እውነቱን ጥሎ ከሱቅ ውሸት ሊገዛ? እንዲህ ያለ ነገር ያንገበግባል። ስለዚህ ቁልፉን አንስቶ ሮጠና ዊተን ሰፈር ካለ ዓሣ መሸጫ የተፋቀ ቅርፊት በላስቲክ ሞልቶ ተመለሰ። ሻጩ ለአትክልት ማዳበሪያ የፈለገው መስሎት በነፃ ነው የሰጠው።

ዓብዩ፦ ይሄን ምን ልታደርገው ነው?

ሳህሉ፦ እናለብሰዋለን። አራት እንቁላል ስበር፣ ነጩን ለየው። ከእንቁላል ነጭ የተሻለ ሙጫ የለም፤ ድሮ መጽሐፍ የሚጠርዙት በሱ ነው።

ዓብዩ፦ ከመብሰሉ በፊት እኮ ቅርፊት ይፋቃል።

ሳህሉ፦ ታዲያስ?

ዓብዩ፦ እንለጥፍና እንፋቀዋለን?

ሳህሉ፦ አዎ። ሴትየዋ ካዩት በኋላ።

ዓብዩ፦ እሺ። እኔ ገርሞኝ ነው።

[ይቀመጣሉ። ሳህሉ በጥርስ ብሩሽ እንቁላል ይቀባል፣ ዓብዩ በቅንድብ መንቀያ አንድ በአንድ ይለጥፋል።]

ሳህሉ፦ ከራሱ ጀምር።

ዓብዩ፦ ከጅራቱ ነው የሚሻለው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ከታች ነው የሚጀመረው፤ ከላይ ከጀመርክ ዝናብ ያስገባል።

ሳህሉ፦ ውኃ ውስጥ የኖረ ዓሣ ዝናብ ቢያስገባ ምን ይሆናል?

ዓብዩ፦ እሱስ ልክ ነህ።

ሳህሉ ልክ ነህ ሲባል ሰውነቱ ይፍታታል። ከራስ ተጀመረ፤ ቅርፊቱ ሁሉ ወደ ላይ ቆሞ ዓሣው የተናደደ ዶሮ መሰለ። ተነቅሎ ከጅራት እንደገና ተጀመረ። ሃሳቡ የራሱ እንደነበር ሳህሉ ሁለት ጊዜ ተናገረ። አንድ ሰዓት ተኩል ወገባቸውን ሰብረው ሲሠሩ ቆዩና አንደኛው ጎን አለቀ፤ እውነት ለመናገር፣ አምሮበት ነበር።

ዓብዩ፦ ሳህሉ፣ አሁን በፍልሰታ ዓሣ ይበላል?

ሳህሉ፦ አይበላም የሚሉ አሉ። አማቴ ግን ዓሣ ካሉኝ ከሚበሉት ወገን ናቸው ማለት ነው። ሰው እንዲህ ነው የሚጠናው።

ዓብዩ፦ እንቁላልስ?

ሳህሉ፦ እንቁላልማ ፍስክ ነው። ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን…

[ብሩሹን እንደያዘ ይቀራል።]

ዓብዩ፦ እኔ ገርሞኝ ነው።

ሳህሉ፦ ውኃ ክፈት።

አንድ ሰዓት ተኩል የለፉበት በአንድ ደቂቃ በሲንኩ ጉድጓድ ሄደ። ሳህሉ ራሱ የተከለከለ ነው ያለውን ዓሣ አስመስሎ ለሴትየዋ ሊያበላ ሲዘጋጅ ሕሊናው ትንፍሽ አላለም፤ ጾም ሊያስገድፋቸው ነው ሲባል ግን ላብ አጠመቀው። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ። ዱቄት በውኃ በጥብጠው ቅርፊቱን ከሲንኩ ወንፊት እየለቀሙ እንደገና ጀመሩ፤ አንዱ ጎን እንዳለቀ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ውብነሽ ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ ክፍት ሆኖላቸው ቀደም ብለው ደርሰዋል፤ ፓርኪንግ እየፈለጉ ነው።

ዓብዩ፦ አንዱ ጎን ብቻ ነው ያለቀው።

ሳህሉ፦ ይበቃል። ዓሣ የሚተኛው በአንድ ጎኑ ነው።

ዓብዩ፦ ቢገለብጡትስ?

ሳህሉ፦ እንግዳ ዓሣ አይገለብጥም። ነውር ነው።

ወይዘሮ ውብነሽ ረዘም ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳሟቸው፣ ጤና ጠየቁ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ብለው አመሰገኑ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና በቀጥታ ወደ ኩሽና ገብተው ዓሣውን ገለበጡት።

አንዱ ወገን ቅርፊት በቅርፊት፣ ሌላው መስታወት። ሴትየዋ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አዩ። ቢላ አንስተው ጫፉን ሲነኩት ቅርፊቱ ከነዱቄቱ እንደ እርጥብ ወረቀት ተገሽልጦ መጣ። ቢላውን አስቀመጡና፣ ልጄ፣ ከየት ነው የገዛኸው አሉ።

አልገዛሁም፣ ራሴ ነኝ ያጠመድኩት አለ ሳህሉ። ማርያምን ብሎ ማለ፣ ጊዮርጊስንም ጨመረ። እሳቸውም አትማል፣ እኔ ጌታን ከተቀበልኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ የምትምልበት ሁሉ ለእኔ ሸክም ይሆንብኛል አሉት። ቅርፊት ቢኖረው ባይኖረው ግድ የላቸውም፤ ፍልሰታም የእሳቸው ጾም አይደለም። ሙሉውን አቆይልኝ ያሉት የመንጠቆውን ቀዳዳ አፉ ላይ ሊያዩ ኖሯል። የናዝራዊት የቀድሞ እጮኛ ውሸታም ነበር፤ ልጃቸው ሁለት ዓመት አልቅሳለች። ሁለተኛ ውሸታም ቤቴ አይገባም ብለው ነው የመጡት።

ቀዳዳው አለ። ግን ዱቄት ተለጥፎበት ያዩትን ዓሣ ማን ያምናል? ሳህሉ ዱቄቱን ከዓሣው አፍ ላይ በእጅጌው መጥረግ ጀመረ። ስምንት ወር ሙሉ ዋሽቶ ሳይያዝ፣ እውነት በተናገረበት ቀን ሊሰቀል ነው። ወይዘሮ ውብነሽ ፊታቸውን ወደ ዓብዩ አዞሩ።

ውብነሽ፦ አንተ ንገረኝ። ይሄን ዓሣ ማን ነው ያጠመደው?

ዓብዩ፦ እሱ ነው።

ውብነሽ፦ በዓይንህ አይተሃል?

ዓብዩ፦ አዎ። ሲይዘውም አለቀሰ። ዓሣው ቢነክሰውም አልለቀቀውም፤ ይኸው አውራ ጣቱ። ቅርፊቱ ግን የሌላ ዓሣ ነው። መጀመሪያ በእንቁላል ለጠፍነው። ኋላ ፍልሰታ መሆኑ ትዝ ሲለን አጥበን በዱቄት ለጠፍነው።

ውብነሽ፦ ለምን ብላችሁ?

ዓብዩ፦ ቅርፊት የሌለው ከሆነ አይበሉም ብሎ። ልጅዎን እንዳይከለክሉት ፈርቶ ነው፣ እትዬ።

ወይዘሮ ውብነሽ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳህሉ የሚያለቅሱ መስሎት ውኃ ሊያቀርብ ሮጠ። ሲመለስ እየሳቁ ነበር፤ እንባቸውን በስካርፋቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስቄ አላውቅም አሉ። አውራ ጣቱን ይዘው ንክሻውን አገላብጠው አዩ። ቀጥለው፣ የሚመጣው እሁድ ከቸርች መልስ ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ ቃል የሚናገረው ግን ይሄ ልጅ ይሁን ብለው ዓብዩን ጠቆሙና ለናዝራዊት ሊደውሉ ወደ በረንዳ ወጡ።

ዓብዩ ዓሣውን በጨው አሽቶ አጥቦ፣ ጭንቅላቱን ጥሎ፣ በጣት ርዝመት ቆራርጦ፣ ጎኑን በቢላ ሰንጥቆ ሎሚ ጨመቀበት። የተረፈውን ዱቄት ነስንሶ የጋለ ዘይት ውስጥ ለቀቀው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሳህሉ አጠገቡ ቆሞ ዳጣ እያማሰለ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ሳህሉ፦ ቸርች እንደሚሄዱ ታውቅ ነበር?

ዓብዩ፦ አዎ።

ሳህሉ፦ ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?

ዓብዩ፦ ልነግርህ ጀምሬ፣ ለእኔ ልታስረዳኝ ነው ስትል ደግሞ እውነቱን ነው አልኩ። ናዝራዊት ራሷ ነግራህ የለ? ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃቸዋለህ ብዬ ነው።

ሳህሉ፦ ናዝራዊት? መቼ ነው የነገረችኝ?

ዓብዩ፦ ፋሲካ ሰሞን፣ መኪናህ ውስጥ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ ነገረችህ።

ሳህሉ፦ እኔ ምን ስል ነበር?

ዓብዩ፦ (ዓሣውን እየገለበጠ) ስለ ዓሣ አጠማመድ እያስረዳሃት ነበር። ዋናው ዝምታ ነው፣ የሚያወራ ሰው ምንም አይዝም ስትላት ነበር።