ጋሽ ታዬ ካዱኝ

እኛ ያላለቀ ነገር አናወራም። የውጭ አገር ጉዳይ ከሆነማ ጭራሽ! አውሮፕላኑ ካልተነሳ ለእናቱም የማይናገር ስንት አለ መሰላችሁ። ዓይን ይበላዋል እንላለን። ሌላም ልማድ አለን፤ መንግሥት መንግሥት የሚሸት ድምፅ ስለ ወገናችን ከጠየቀን አናውቅም። ጎረቤታችንን አናውቅም፤ ክርስትና ያነሳነውን ልጅ እንኳ አናውቅም።

እኔ እዚህ አሜሪካ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ፤ መካኒክ። የአሳይለም፣ የጥገኝነት ጥያቄ ጉዳዬ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል እንቅልፍ አጣሁና፣ አንዲት የካናዳ ክፍለ ሀገር በሙያዬ እንድትመርጠኝ አመለከትኩ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ገና አላለቀም። ከመረጠችኝ የመኖሪያ ፈቃድ በር ተከፈተልኝ ማለት ነው። ካልመረጠችኝ ሌላ በር የለኝም። የሥራ ማስረጃ ስትጠይቀኝ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ያላቸውን አለቃዬን ጋሽ ታዬን «ለአፓርታማ ኪራይ ነው» ብዬ አስፈረምኳቸው።

አንድ ቀን ጋሽ ታዬ ደረታቸውን ነፍተው መጡ።

«ስማ፣ አንዲት ፈረንጅ ኮል አድርጋ ስላንተ ጠየቀችኝ። ከመንግሥት ነኝ ትላለች። እንደዚህ የሚባል ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ ብዬ ዘጋሁባት። አይዞህ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካህም!»

ወረቀቱ ለካናዳ መሆኑን፣ እውነቱን ዘረገፍኩላቸው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። መፍቻቸውን አስቀምጠው አፍጥጠው አዩኝ።

«አንተ ነገሩን ከእኔ ደበቅክ፤ እኔ አንተን ከእነሱ ደበቅኩ። ታዲያ ማን ማንን ይቆጣ?»

በዚያኑ ዕለት ይቅርታ ጠይቀው ለካናዳዎቹ ኢሜይል ላኩ። ለማጣራት ለእኔው እንደሚደውሉ መልስ መጣ። ከዚያ ወዲያ ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤ እገባ ጀመር። ቅዳሴ ላይ እንኳ ነጠላዬ ሥር ይዤው ቆሜያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ትናንት ጠዋት በሜትሮ ባቡር ወደ ሥራ ስሄድ የማላውቀው ቁጥር ጠራ። ኮስተር ያለ ድምፅ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጠርቶ፣ እኔ መሆን አለመሆኔን ጠየቀኝ።

«ኖ! ሮንግ ነምበር!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጴጥሮስስ የካደው ጌታውን ነው፤ እኔ ራሴን ካድኩ። መልሼ ብደውል፣ ብደውል፣ የሚያነሳው ማሽን ነው። ጋራዥ ስደርስ ለጋሽ ታዬ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«አየህ» አሉ፤ «አንተም አታውቀውም።»